ደባላችን «ለሳምንት» ያመጣቻት እህቷ ሦስተኛ ወሯን ያዘች፤ እንዴት ብለን እንንገራት?

አራተኛ_ፎቅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለ አንድ መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ። ሦስት ሴቶች ነን፣ ሦስታችንም የግል ኮሌጅ ተማሪዎች። ኪራዩ 12 ሺህ ነው፣ አራት አራት ሺህ እናዋጣለን። መብራትና ውሃ ለሦስት እኩል። አስቤዛ የየራሳችን ነው ተብሎ ነበር የተጀመረው፣ ግን ሽሮና በርበሬ ከየቤታችን ሲላክ ማን የማንን ይለያል፣ አንድ ጣሳ ውስጥ ገብቶ አብረን እንበላለን። እስከ ገና ድረስ ተጋጭተን አናውቅም።

ከጥምቀት በኋላ አንዷ ልጅ ታናሽ እህቷን ከክፍለ ሀገር አመጣቻት። 12ኛ ክፍል ተፈትና ውጤት አልመጣላትም። «ለሳምንት ነው፣ ሥራ ነገር እስክታይ» አለችን። እህት ናት፣ ምን ይባላል፣ እሺ አልን። ይኸው መጋቢት እየተገባደደ ነው።

ልጅቷ ባለጌ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ጨዋ ናት። ከክላስ ስንመለስ ቤቱ ተጠርጎ፣ እንጀራ ተጋግሮ፣ አንዳንዴ ቡናም ተፈልቶ ይጠብቀናል። ግን ወር ያደርሰን የነበረው የመብራት ካርድ አሁን በአሥራ አምስት ቀኑ አልቆ ይጮኻል። በርሜሉም እንደዚያው፣ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተን የሞላነው ውሃ በማግስቱ ታቹ ይታያል። ሳሎን የምትተኛው እሷ ስለሆነች ማታ መብራት አብርቶ ማጥናት ቀረ፣ ፈተና ደግሞ ደርሷል።

ሌላዋ ደባላችን «ተይ ነገር አታንሺ፣ ሰኔ ላይ ትሄዳለች» ትለኛለች። እኔ ውስጥ ውስጡን መብገን ሰለቸኝ። ሳላስቀይማት እንዴት ነው የሚነገረው? ያጋጠማችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ።

ፊት_ለፊት

እህቴ፣ «ሳላስቀይማት» የምትለዋን ነገር ከአሁኑ ተያት። ትቀየማለች። ሁለት ቀን ታኮርፋለች፣ ከዚያ ጨው ስትፈልግ ታናግርሻለች። ሳይደፈርስ አይጠራም።

የኛ ሀገር ደባል ሁሉ የሚጣላው በገንዘብ አይመስለኝም፤ ገንዘቡን አፍ አውጥቶ ባለመናገር ነው። «ለ50 ብር ብላ ነው?» እንዳትባዪ ትፈሪያለሽ፣ ያልተነገረው 50 ብር ወር በወር ይደራረባል፣ አንድ ቀን ስለ ስኒ ትጣላላችሁ። እህቷ ሳትሰማ፣ ከቤት ውጭ፣ ታክሲ ስትጠብቁ ንገሪያት። በቴክስት እንዳታደርጊው። ቴክስት ስክሪንሹት ተደርጎ እናቷ ጋ ይደርሳል።

የካ_አባዶ

እኛ አራት ወንዶች ነን፣ የካ አባዶ። የእህት ጣጣ የለብንም፣ የሳህን ጣጣ ነበረብን። አራት ወንድ፣ አንድ ሲንክ፣ ውሃ በፈረቃ። የደረቀ ሽሮ ያለበት ብረት ድስት ማን ያጠባል? ሁሉም «እኔ አልበላሁበትም» ይላል። በመጨረሻ አንዱ ጀለስ ተነስቶ ዕቃውን በሙሉ ካርቶን ውስጥ አስሮ አልጋው ስር ከተተው። ለነፍስ ወከፍ አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ማንኪያ ብቻ ተረፈ። ሳህንህን ካላጠብክ አትበላም፣ አለቀ። ተራ መለጠፍ፣ ቅጣት፣ ስብሰባ ሁሉንም ሞክረን አልሠራም ነበር፣ ይሄ በአንድ ቀን ሠራ።

ለኔ ምን ይጠቅመኛል ካልሽ እንጃ። ግን ነገሩን ወደ ሰው ጸባይ ሳትወስጂ ወደ ዕቃና ወደ ቁጥር ብታወርጂው ጠቡ ይቀንሳል።

የኮተቤዋ

ልጆች፣ እኔ በዕድሜ ከናንተ ሳልበልጥ አልቀርም። በ90ዎቹ ኮተቤ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነው የተማርኩት። የአንዷ ጓደኛችን እህት ሥራ ፍለጋ መጥታ ማደሪያ አጥታ ዶርማችን ከርማለች። ካፌ ስንገባ ዳቦ በነጠላ ሸፍነን እናወጣላት ነበር። አንድ አልጋ ላይ ሁለት ሆነን እንተኛለን፣ ፕሮክተሯ ስትመጣ ሎከር ኋላ እንደብቃታለን። ዛሬ ያቺ ልጅ ሁለት ልጅ አድርሳለች፣ ለበዓል ሳትደውልልኝ አታልፍም። አንቺም እኮ ነገ ታናሽ ይኖርሻል። ትንሽ ብትታገሺ ምን አለበት?

ፊት_ለፊት

አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እትዬ፣ ያኔ ዳቦውም አልጋውም መብራቱም የመንግሥት ነበር። እናንተ የደበቃችሁት ዳቦ ከማንም ኪስ አልወጣም። እዚህ ግን ልጅቷ ከአባቷ እየለመነች ነው 4 ሺህ የምትከፍለው። የዶርም ደግነትና የኪራይ ቤት ደግነት ሂሳባቸው ለየቅል ነው።

የኮተቤዋ

እሱስ ልክ ብለሃል። ይህን አላሰብኩትም።

ሕግ_አራተኛ_ዓመት

አንድ ጥያቄ፣ ውሉ በማን ስም ነው? ከእህቷ በፊት እሱን ብታጣሪ ይሻላል።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ዘመኑ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ አከራዩም ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን በአከራይና በተከራይ መካከል ነው። በእናንተ በሦስታችሁ መካከል ላለው ጣጣ ማንም አይደርስላችሁም፣ የራሳችሁ ወረቀት ከሌላችሁ በቀር። ውሉ ላይ ስሟ ያለው አንዷ ብቻ ከሆነች ደግሞ አከራዩ የሚያውቀው እሷን ነው፤ ነገ ብትጣሉ እናንተ ሁለታችሁ እዚያ ቤት ውስጥ ማን እንደሆናችሁ የሚያሳይ ነገር የላችሁም። ቢያንስ ድርሻችሁን በእጅ ከመስጠት በቴሌብር ወይም በባንክ ላኩ፣ ምክንያቱ ላይ «የሚያዝያ ኪራይ» ብላችሁ ጻፉ።

አራተኛ_ፎቅ

ውሉ እህት ባመጣችው ልጅ ስም ነው። ቤቱን ያገኘችው እሷ ስለነበረች። እስከ ዛሬ አስቤበት አላውቅም፣ አሁን ሆዴን ባር ባር አለው።

ኤሌክትሪካል_አምስተኛ

የመብራቱ ነገር አልገባኝም። አንዲት ልጅ ስለተጨመረች ብቻ ካርድ በግማሽ ሊያልቅ አይችልም። ሂሳቡን እዩት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። ሁለት ሰዓት ከተጋገረበት 7 ኪሎዋት ሰዓት በላ ማለት ነው። ማታ ለጥናት የምታበሩት አምፖል ኤልኢዲ ከሆነ 10 ዋት ነው። ምጣዱ በሁለት ሰዓት የበላውን ለመብላት 700 ሰዓት መብራት አለበት፣ ወር ሙሉ ሌት ተቀን ማለት ይቻላል። ስልክ ቻርጀር ደግሞ ቁጥር ውስጥም አይገባም። ቤት ውስጥ «ማነው መብራት ሳያጠፋ የተኛው» እየተባለ የሚካሄደው ጠብ ሁሉ ስለ ሳንቲም ነው፣ ብሩ ያለው ምጣዱ፣ ምድጃውና የውሃ ማሞቂያው ላይ ነው። በዚያ ላይ የኛ ታሪፍ በደረጃ ነው፣ ፍጆታ ከፍ ሲል የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል።

አራት ሴት በሳምንት አንዴ ብትጋግሩ በቂያችሁ ነው፣ በወር 28 ግድም። የናንተ ካርድ እጥፍ ከሄደ ምጣዱ ከዚያ በላይ እየተጣደ ነው። በሳምንት ስንት ጊዜ ነው የሚጋገረው?

አራተኛ_ፎቅ

ቀን ክላስ ስለሆንን አላውቅም። ማታ ስንመጣ እንጀራ አለ፣ በቃ። እጠይቃታለሁ።

ሰሚት_72

የኛን ደግሞ ልንገራችሁ፣ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ይላል። ሦስት ነን፣ አንዷ ሙስሊም፣ ሁለታችን ኦርቶዶክስ። ገና ስንገባ ሰው ሁሉ «አትችሉትም፣ በድስት ትጣላላችሁ» ብሎን ነበር። የመጀመሪያው ቀን ላይ ያወራነው እሱን ነው። ሥጋ የየራሳችን ድስት፣ የየራሳችን ቢላዋ፣ ፍሪጁም ላይ ላይኛው የሷ ታችኛው የኛ። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ፓስታ የጋራ። ሱሁር ስትነሳ ወጥ ቤት በሩን ዘግታ ትበላለች፣ አላርሟ ንዝረት ላይ ነው። እኛ ለኪዳን ስንነሳም እንደዚያው። በ2017 ሁዳዴና ረመዳን ሲገጥሙ ደግሞ ቤቱ ገዳም ሆነ፣ ቀን ማንም ምድጃ አይነካም፣ ለማፍጠሪያ የምትሠራው ሾርባ ሥጋ ስለሌለው ከኛ ጾም መግደፊያ ጋር አንድ ላይ ይቀርባል።

የተጣላነው በምን መሰላችሁ? በሻምፖ። ስለ ሻምፖ ማንም ቀድሞ አላወራማ!

ቀለሜ

እኔ ጊቢ ውስጥ ዶርም ነው የምኖረው፣ አንተ መብራት አትከፍልም ልትሉኝ ነው። አልከፍልም። ግን ከላይ አልጋ ያለው ልጅ ሌሊት 8 ሰዓት ቲክቶክ ያለ ኢርፎን ያያል። «አቦ ዝቅ አድርገው» ስለው አንድ ነጥብ ዝቅ ያደርገዋል። የኪራይ ችግራችሁ ቢያንስ በገንዘብ ይፈታል። ይሄኛውን ምን አድርጌ ልፍታው?

የካ_አባዶ

ኢርፎን ግዛለት። በልደቱ ቀን ስጠው።

አራተኛ_ፎቅ

እሺ፣ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ኤሌክትሪካል፣ እጅህ ይባረክ።

ትናንት ክላስ ቀርቼ ቤት ዋልኩ። ልጅቷ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ምጣዱን ጣደች። ሊጡ በትልቁ ባልዲ ነው። እኔ አንድ ሁለት እያልኩ ስቆጥር ሞሰቡ ሞላ፣ ከዚያ በላስቲክ እየለየች አሥር አሥር አድርጋ ጠቀለለች። ትንሽ ቆይቶ የታችኛው ሱቅ ልጅ መጥቶ በሩን አንኳኳ። ፊቷ ልውጥ አለ። «ለማን ነው?» አልኳት። ለሱቁና ለሁለት ጎረቤቶች፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ጤፉን የምትገዛው በራሷ ብር ነው። ለጸጉር ሥራ ኮርስ እያጠራቀመች ነው። እህቷ ታውቃለች።

ልናደድ ፈልጌ ነበር፣ ግን ክንዷ ላይ ምጣድ ያቃጠለው ጠባሳ አለ፣ እሱን እያየሁ ምንም ቃል አልወጣኝ አለ። በሌላ በኩል የሦስታችንን ካርድ ነው የምታቃጥለው፣ እህቷም እያወቀች «መብራት ኃይል እኮ ጨምሯል» እያለች ስታሳምነን ነበር። እውነቱን ለመናገር ያበሸቀኝ እሷ ናት።

ፊት_ለፊት

አበቃ። ነጋዴ ናት እንግዲህ፣ ትክፈል። ለታናሿ አድናቆቴን አድርሺልኝ፣ ታላቂቱ ግን ሌባ ናት።

የኮተቤዋ

ሌባ አትበላት እንጂ። ተሸማቃ ነው። እህቷን አውጡ እንዳትሏት ፈርታ ነው የዋሸችው።

ፊት_ለፊት

ፈርቶ መዋሸትና ሳይፈሩ መዋሸት ካርዱ ላይ ልዩነት አያመጣም።

ኤሌክትሪካል_አምስተኛ

ስድቡን ተዉትና ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። ምጣዱ ከመሰካቱ በፊት አንዴ፣ ከተነቀለ በኋላ አንዴ። ልዩነቱን ደብተር ላይ ይጻፉት። ያ የሷ ነው፣ ለቤቱ የጋገረችው ሲቀነስ። የቀረውን ለአራት እኩል ተካፈሉ። ማንም በግምት አይበደልም፣ እሷም «በኔ አመካኙ» አትልም። እንደውም እውነተኛ ወጪዋን ስታውቅ እንጀራውን በስንት መሸጥ እንዳለባት ይገባታል፣ እስካሁን መብራቱን ሳትቆጥር ስለሆነ የምትሸጠው ትርፏ ውሸት ነው።

ሌላ ደግሞ ከምር የምነግርሽ፣ ምጣዱ የተሰካው የት ነው? በማከፋፈያ ከሆነ ዛሬውኑ አስቁሚያት። 3.5 ኪሎዋት ማለት ወደ 16 አምፒር ነው፣ ተራ ማከፋፈያ ለዚያ አልተሠራም። ሶኬቱ ዙሪያ ጠቁሮ ወይም ፕላስቲኩ ላልቶ እንደሆነ ነክተሽ ሳይሆን አይተሽ አረጋግጪ። ለምጣድ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል።

አያት_አከራይ

አከራይ ነኝ፣ አትስደቡኝ። አያት አካባቢ ሁለት ቤት አከራያለሁ፣ ሁለቱም ላይ ተማሪዎች ናቸው።

አራተኛ ሰው መግባቷ ብዙም አያሳስበኝም፣ ሰው ዘመድ ይመጣበታል። የሚያሳስበኝ ቀድመው ነግረውኝ ነው ወይስ ከጎረቤት ነው የሰማሁት የሚለው ነው። አንዱ ቤቴ ላይ ሦስት ብለው ገብተው ስድስት ሆነው አገኘኋቸው፣ የሽንት ቤቱ መስመር ሞልቶ ታች ቤት ሲንጠባጠብ ነው ያወቅሁት። ለንግድ የሚጋገር ከሆነ ደግሞ የግድ ልታሳውቁት ይገባል፣ ከላይ ልጁ እንዳለው ሶኬቱ ቢቀልጥ ቤቱ የሱ ነው። ውሉ በአንዲቷ ስም ከሆነ ሲታደስ ሦስታችሁም ግቡበት። እኔ በበኩሌ ሦስት ፊርማ ሲኖር ደስ ይለኛል፣ አንዷ ብትጠፋ ሁለት ይቀሩኛላ።

አራተኛ_ፎቅ

አመሰግናለሁ ጋሼ። ሶኬቱን አየሁት፣ ጠቁሯል። ማከፋፈያ አልነበረም፣ ግን ራሱ ሶኬቱ ላልቷል። ለጊዜው አስቁመናል።

እሑድ ጠዋት ቡና ላይ እንነጋገራለን ብያቸዋለሁ። አራታችንም።

ቀለሜ

ከሦስተኛው ስኒ በፊት ጨርሱ፣ በረካ ላይ ጠብ ያስጠላል።

አራተኛ_ፎቅ

እሑድ አለፈ። ጠይቃችሁኝ ስለነበር እንዴት እንደሆነ ልጻፍ።

የጀመርኩት በቁጥር ነው፣ የካ አባዶ እንዳለው። ካርድ ያስሞላንባቸውን ደረሰኞች አምጥቼ ምንጣፉ ላይ ዘረጋሁ። ታላቅየዋ መጀመሪያ አልተናገረችም፣ ከዚያ «እኔም እኮ ዘይት ስገዛ ማንም አልጠየቀኝም» አለች። ይሄኔ ያቺ «ተይ ነገር አታንሺ» ስትለኝ የነበረችው ደባላችን ፈነዳች። ዘይቱን የምትገዛው እሷ ነበረች ለካ! ለሁለት ወር ብቻዋን። ሳሙናውንም። በቀን በቀኑ ስልኳ ላይ መዝግባዋለች። እኔ ሳስበው እኔ ብቻ ነበርኩ የበገንኩት፣ እሷ ከኔ አምስት እጥፍ ይዛለች። ታላቅየዋ አለቀሰች፣ ታናሽየዋ ደንግጣ ጀበናውን ከሰሉ ላይ ረስታው ገነፈለ።

ከዚያ ግን ቁጭ ብለን ጻፍን። ከሚያዝያ ጀምሮ ኪራይ ለአራት ነው፣ ሦስት ሦስት ሺህ። ምጣዱን ቆጣሪ አይተን፣ የሽያጩን እሷ ትሸፍናለች። ይህን ሐሳብ ስናነሳ «እሺ» ያለችው ራሷ ታናሽየዋ ናት፣ እህቷ አንገቷን ሳታቀና። ሶኬቱን ኤሌክትሪሻን ይቀይረዋል፣ ወጪው ግማሽ የሷ ግማሽ የኛ። ዘይት፣ ሳሙና፣ ኦሞ ከጋራ ካዝና፣ ወር በገባ በአምስት። ፈተና እስኪያልቅ ድረስ ማታ ማታ እሷ መኝታ ቤት ፍራሽ ዘርግታ ትተኛለች፣ ሳሎኑ ለጥናት። ለአከራዩ የሚነግሩት ሁለቱ እህትማማቾች ናቸው፣ እስካሁን አልነገሩም፣ ቀን አልቆረጥንም፣ እሱ ላይ ተሸንፌያለሁ።

ታላቅየዋ አሁንም «ሰላም» ስላት በጭንቅላቷ ነው የምትመልሰው።

ፊት_ለፊት

ተናግሬ ነበር። ጨው እስክትፈልግ ጠብቂ።

ሕግ_አራተኛ_ዓመት

የጻፋችሁትን አራታችሁም ፈረማችሁ? እያንዳንዳችሁ ኮፒ ይኑራችሁ፣ በስልክ ፎቶ አንስታችሁም ቢሆን። አንድ ነገር ደግሞ ጎድሏል፣ አንዷ መውጣት ብትፈልግ ስንት ቀን ቀድማ ትናገራለች? ሰኔ ላይ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቢወጣ 12 ሺው በቀራችሁት በሁለታችሁ ላይ ነው የሚወድቀው።

አራተኛ_ፎቅ

ፈርመናል። የመውጫውን አልጻፍንም፣ ዛሬ እጨምረዋለሁ። አንድ ወር እንበል?

አያት_አከራይ

ሁለት አድርጉት። በአንድ ወር ደባል አይገኝም፣ በተለይ ክረምት ላይ።

ሰሚት_72

ሻምፖም ጻፉ።

ቂሊንጦ_ብሎክ_9

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ውጭ ነው። ልጅቷ ትእዛዝ ትቀበላለች? እኛ አምስት ወንዶች ነን፣ ምጣድ የለንም፣ ከሱቅ የምንገዛው እንጀራ ደግሞ በማግስቱ ይሰነጣጠቃል። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ መጥተን እንወስዳለን።

አራተኛ_ፎቅ

ጠየቅኋት። ሶኬቱ ረቡዕ ይቀየራል፣ ከሐሙስ ጀምሮ ትችላለች። ግን ከሃያ በታች አልጋግርም ብላለች፣ ዋጋውንም ከቆጣሪው በኋላ ነው የምትነግራችሁ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።